ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ኬሞ ላይ ላለችው እናቴ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ልስጣት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ሲሆን ሥራዬ መምህርነት ነው። የ56 ዓመት እናቴ የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ ኬሞ ጀምራለች። ቀዩን መድኃኒት አራት ዙር ጨርሳ አሁን ፓክሊታክሰል የሚባለውን እየወሰደች ነው። ከዚያ በኋላ ታሞክሲፈን የተባለ ክኒን ለዓመታት እንደምትውጥ ተነግሮናል። የግፊትና የስኳር መድኃኒትም አላት። ወንድሜ፣ በጥቁር አዝሙድ ውስጥ የሚገኝ ታይሞኪኖን የተባለ ንጥረ ነገር በካንሰር ሕዋስ ውስጥ ብግነትን የሚቀሰቅሰውን ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ ያጠፋል የሚል ጽሑፍ አንብቦ ዘይቱን ገዝቶላታል፤ ጠዋትና ማታ በማር እንድትወስድም እየወተወታት ነው። እሷም ኬሞው ስላደከማት «ይኼንን ትቼ እሱን ብሞክርስ» ማለት ጀምራለች። ጽሑፉ እውነት ነው? ዘይቱንስ ልስጣት?

መልስ፦ ለእናትዎ ምሕረቱን ያውርድላቸው። ከጥያቄዎ መጨረሻ ልጀምርና፣ ኬሞውን ማቋረጥ የለባቸውም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀሪው መልሴ ረዘም ስለሚልና ስለ ጥቁር አዝሙድ ጥቂት መልካም ነገር መናገሬ ስለማይቀር፣ ያችኑ ብቻ አንብቦ ሕክምናውን የሚተው ሰው እንዳይኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፣ ካንሰራቸው ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ሳይሠራጭ መደበኛውን ሕክምና ትተው በሌላ አማራጭ ብቻ የታከሙ 281 ሰዎችን መደበኛውን ሕክምና ከወሰዱት ጋር አነጻጽሮ ነበር። የመሞት ዕድላቸው በአጠቃላይ ሁለት ተኩል እጥፍ፣ የጡት ካንሰር የነበረባቸው ለብቻቸው ሲታዩ ደግሞ ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። የጡት ካንሰር በጊዜ ከተደረሰበትና ሕክምናው ከተሟላ ውጤቱ ጥሩ ስለሆነ፣ ሕክምናውን በመተው የሚታጣው ነገርም የዚያኑ ያህል ብዙ ነው።

አሁን ወደ ጽሑፉ እንመለስ። ወንድምዎ ያነበቡት ነገር ከሞላ ጎደል እውነት ነው፤ ነገር ግን የት እንደታየና በምን ያህል መጠን እንደታየ ካልተነገረ እውነቱ ያሳስታል። ይህን ለማስረዳት ስለ ብግነት ትንሽ ማለት ይኖርብኛል።

ብግነት ሰውነታችን ቁስል ወይም ጀርም ሲያጋጥመው የሚያነሣው የመከላከያ ምላሽ ነው። እሾህ የወጋው ጣት የሚቀላው፣ የሚያብጠውና የሚግለው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ ጤነኛ ሰው ላይ በቀናት ውስጥ ይበርዳል። ችግር የሚመጣው ሳይበርድ ለዓመታት ሲቆይ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ጉበትን፣ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ደግሞ ጨጓራን ለረጅም ጊዜ እያስቆጡ ለካንሰር እንደሚያጋልጡ በሚገባ ይታወቃል። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ እ.ኤ.አ. በ1863 በካንሰር ዕጢዎች ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት ተሰግስገው አይቶ በብግነትና በካንሰር መካከል ዝምድና አለ ብሎ ነበር። ዝምድናው በሞለኪውል ደረጃ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ግን ከመቶ ዓመት በላይ መጠበቅ ግድ ሆነ።

ይህን ምላሽ ከሕዋሱ ውስጥ ሆነው ከሚመሩት ፕሮቲኖች ዋነኛው ጽሑፉ የጠቀሰው ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ ነው። ራንጃን ሴን እና ዴቪድ ባልቲሞር እ.ኤ.አ. በ1986 ሲያገኙት ፀረ እንግዳ አካል በሚያመርቱት የደም ሕዋሳት ላይ እየሠሩ ነበር፤ በኋላ ግን በአብዛኞቹ የሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ እንደሚገኝ ታወቀ። በሰላሙ ጊዜ ይህ ፕሮቲን ከሕዋሱ ኒውክሊየስ ውጭ፣ አይ-ካፓ-ቢ በተባለ ሌላ ፕሮቲን ተይዞ፣ ቀን ቀን እንደሚታሰር የግቢ ውሻ አርፎ ይቀመጣል። እንደ ቲኤንኤፍ ያለ የአደጋ መልእክት ከውጭ ሲደርስ አይኬኬ የተባለው ኢንዛይም ይነቃና በማሰሪያው ፕሮቲን ላይ የፎስፌት ምልክት ያኖርበታል። ምልክት የተደረገበት ማሰሪያም ፕሮቲአሶም በተባለው የሕዋሱ ፕሮቲን መፍጫ ውስጥ ገብቶ ይፈጫል። ያን ጊዜ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ ወደ ኒውክሊየሱ ዘልቆ ዲኤንኤው ላይ በመቀመጥ በርካታ ጂኖችን ያስነሣል። ከሚያስነሣቸው መካከል አንዱ ማሰሪያውን አይ-ካፓ-ቢን እንደገና የሚሠራው ጂን ስለሆነ፣ በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ ነገሩ በሰዓታት ውስጥ ተመልሶ ይረጋጋል።

በብዙ የካንሰር ዓይነቶች ግን አይረጋጋም። ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ ያለማቋረጥ ሥራ ላይ ስለሚሆን፣ የሚያስነሣቸው ጂኖች የሚሠሯቸው ፕሮቲኖች ሁሉ ለዕጢው መጠቀሚያ ይሆናሉ። ኢንተርሊውኪን-6 እና ኮክስ-2 ብግነቱን ያራግባሉ፤ ቢሲኤል-2 እና ሰርቫይቪን የተባሉት ሕዋሱ መሞት ሲገባው እንዳይሞት ይይዙታል፤ ቪኢጂኤፍ አዳዲስ የደም ሥሮችን ወደ ዕጢው ይስባል፤ ኤምኤምፒ-9 ደግሞ በዙሪያው ያለውን አካል እየቆራረጠ መስፋፊያ መንገድ ያበጅለታል። ይባስ ብሎ አንዳንድ የኬሞ መድኃኒቶች ራሳቸው ይህን መስመር በካንሰር ሕዋስ ውስጥ ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። ስለዚህ ተመራማሪዎች ይህን መስመር የሚያዳክም ነገር ለማግኘት መድከማቸው ተገቢ ነው፤ ጥቁር አዝሙድም በዚህ ፍለጋ ውስጥ የገባው እንዲያው ባጋጣሚ አይደለም።

ታይሞኪኖን ከጥቁር አዝሙድ ተናኝ ዘይት ተለይቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። በኬሚካል ጠባዩ ድኝ ያለባቸውን የፕሮቲን ክፍሎች እየፈለገ መያዝ ይወድዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ የአሜሪካ የላቦራቶሪ ሥራ የጣፊያ ሳይሆን የቆሽት (የፓንክሪያስ) ካንሰር ሕዋሳትን በታይሞኪኖን ዘፍዝፎ ሲመረምር፣ ሕዋሳቱ የሚያመርቱት የቲኤንኤፍ፣ የኢንተርሊውኪን-1 ቤታ እና የኮክስ-2 መጠን እንደቀነሰ፣ ወደ ኒውክሊየስ የሚገባው ኤንኤፍ-ካፓ-ቢም እንዳነሰ አይቷል። የንጥረ ነገሩ መጠንና የሚቆይበት ሰዓት ሲጨምር ውጤቱም ይጨምር ነበር፤ ይህ ደግሞ በእንዲህ ያለ ሙከራ ላይ የምንፈልገው ነገር ነው። ወንድምዎ ያነበቡት ጽሑፍ የሚያወራው ስለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ ሙከራው የተደረገበትን ሁኔታ ቀረብ ብለው ይመልከቱት። የካንሰር ሕዋሳት ከጣት ጥፍር ባነሱ የፕላስቲክ ጉድጓዶች ውስጥ፣ ሮዝ ቀለም ባለው መመገቢያ ፈሳሽ ተሸፍነው ይቀመጣሉ። ንጹሕ ታይሞኪኖን ተለክቶ በቀጥታ ይንጠባጠብባቸዋል፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ሌላ የሚሄዱበት ቦታ ሳይኖራቸው በዚያ ይዘፈዘፋሉ። በመካከል ጨጓራ የለም፣ አንጀት የለም፣ ጉበት የለም። ሰው ሲውጠው ግን ታይሞኪኖን ጉበት ውስጥ ወደ ሌላ ቅርጽ ይለወጣል። ያ ድኝ የመፈለግ ጠባዩም እዚህ ላይ ጠላቱ ይሆንና፣ በደም ውስጥ በብዛት የሚንሳፈፈው አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን አብዛኛውን ይዞ ያስቀረዋል። ዕጢው ዘንድ ነጻ ሆኖ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው።

የመጠኑን ነገር በማንኪያ እንለካው። አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ 3 ግራም ያህል ይመዝናል እንበል። ተናኝ ዘይቱ ከዘሩ ክብደት መቶኛ አንድ ያህል፣ ከዚያም ውስጥ ሲሶው ታይሞኪኖን ቢሆን፣ በማንኪያዋ ውስጥ ያለው 10 ሚሊግራም አካባቢ ነው፤ እንደ ዘሩ ዝርያ፣ እንደበቀለበት አፈርና እንደተቀመጠበት ሁኔታ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ከሳዑዲ ዓረቢያ የታተመ ጥናት ደግሞ፣ ሌላ ሕክምና አልሠራ ያላቸውን 21 የካንሰር ታካሚዎች ንጹሕ ታይሞኪኖን አስውጦ ነበር፤ መጠኑ በአንዳንዶቹ ላይ በቀን እስከ 2600 ሚሊግራም ደርሷል። በእኛ ስሌት ይህ 260 የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም ወደ 800 ግራም የሚጠጋ ዘር በየቀኑ መብላት ነው። ታካሚዎቹ መድኃኒቱን በደህና ተቋቁመውታል፤ የአንዳቸውም ካንሰር ግን በእሱ ምክንያት ሲቀንስ አልታየም። ሰዎቹ በሽታው የጠናባቸው ስለነበሩና ቁጥራቸውም ጥቂት ስለሆነ በዚህ ብቻ ታይሞኪኖን ከንቱ ነው ብዬ አልፈርድም። በሁለት ማንኪያ ዘይት ካንሰር ይድናል ለሚል ሰው ግን ከዚህ የበለጠ መልስ የለኝም። ዘይቱ ከዘሩ የበለጠ ታይሞኪኖን ሊኖረው ቢችልም፣ በየመደብሩ ከምናያቸው ጠርሙሶች አብዛኞቹ ምን ያህል እንደያዙ አይጽፉም፤ ከአንዱ ጠርሙስ ወደ ሌላው ደግሞ ይዘቱ በእጅጉ ይለያያል።

ሌላም ለአንባቢ መነገር ያለበት ነገር አለ። ኤንኤፍ-ካፓ-ቢን በላቦራቶሪ ውስጥ የሚያዳክሙ የተክል ንጥረ ነገሮች እጅግ ብዙ ናቸው፤ የእርዱ ኩርኩሚን ከሁሉ ይልቅ ስሙ የገነነው ነው። በዚህ መስክ ብዙ ከተጠቀሱት ጽሑፎች መካከል በርካቶቹ በምስሎቻቸው ላይ ጥያቄ ተነሥቶ በመጽሔቶቹ ተሰርዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የኬሚስቶች ቡድን የኩርኩሚንን ጉዳይ ከሥር ከመሠረቱ ሲመረምር፣ ንጥረ ነገሩ ከብዙ ፕሮቲን ጋር ያለ ልዩነት ስለሚጣበቅ ሙከራን የማሳሳት ጠባይ እንዳለው፣ በሰው ላይ በጥንቃቄ በተደረጉ ሙከራዎችም ጥቅሙ እንዳልተረጋገጠ ጽፏል። ስለዚህ «የካንሰር ሕዋስን በላቦራቶሪ ገደለ» የሚል ዜና ባነበብኩ ቁጥር፣ በእኔ ዘንድ ይህ የመንገዱ መጀመሪያ እንጂ ግማሹ እንኳን አይደለም።

ብግነትን ማብረድ ራሱ እንደሚባለው ቀላል አይደለም። ካናኪኑማብ የተባለ፣ ኢንተርሊውኪን-1 ቤታን ብቻ ለይቶ የሚይዝ የመርፌ መድኃኒት፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) አጋጥሟቸው በነበሩ ከ10,000 በላይ ሰዎች ላይ ተሞክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ ሲወጣ መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል በሳንባ ካንሰር የተያዙት አንሰው በመገኘታቸው ትልቅ ተስፋ ተጣለበት። ይሁንና ይኸው መድኃኒት የሳንባ ካንሰር አስቀድሞ ለያዛቸው ሰዎች ከኬሞ ጋር ሲሰጥ ዕድሜያቸውን አላራዘመም። ዕጢው ከመነሣቱ በፊት ብግነትን መቀነስና ዕጢው ሥር ከሰደደ በኋላ መቀነስ አንድ ዓይነት ፍሬ አያፈሩም ማለት ነው። ከዚህም በላይ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የጀርም መከላከያችን ስለሆነ፣ ነጭ የደም ሕዋሳቸው በኬሞ ምክንያት ዝቅ ባለበት ሰዓት እሱን በኃይል የሚያጠፋ ነገር ብናገኝ እንኳን ለእናትዎ ያለ ክትትል ለመስጠት አልደፍርም።

ስለ ዘይቱ ጉዳት ስናነሣ በእናትዎ ሁኔታ የሚያሳስቡኝ ነገሮች አሉ። ታሞክሲፈን እንደተዋጠ ሙሉ ሥራውን የሚሠራ መድኃኒት አይደለም፤ ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ የጉበት ኢንዛይም ኢንዶክሲፈን ወደሚባለው ብርቱ ቅርጽ ሲለውጠው ነው አቅም የሚያገኘው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሥራ፣ የጥቁር አዝሙድ ዘር ለጥቂት ቀናት የበሉ ጤነኛ ፈቃደኞች ላይ ይህ ኢንዛይም እንደተዳከመ አሳይቷል። ሲዋይፒ3ኤ4 የተባለው ሌላ ኢንዛይምም እንዲሁ የተነካ ሲሆን፣ እሱ ደግሞ አሁን የሚወስዱትን ፓክሊታክሰልን ከሰውነት ለማስወገድ ከሚሠሩት አንዱ ነው። የፈቃደኞቹ ቁጥር አነስተኛ ቢሆንም፣ ካንሰሩ እንዳይመለስ ለዓመታት በሚዋጥ መድኃኒት ላይ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ መጨመር ተገቢ አይመስለኝም።

የስኳሩም ጉዳይ አለ። ከፓክሊታክሰል በፊት አለርጂን ለመከላከል የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ ጥቁር አዝሙድ ደግሞ በመጠኑ ዝቅ የማድረግ ባሕርይ አለው፤ ማሩ መልሶ ከፍ ያደርገዋል። የምግብ ፍላጎታቸው በቀነሰበት ሰሞን ይህ ሁሉ ተደማምሮ የስኳር መጠናቸውን ከቁጥጥር ውጭ ሊያደርገው ይችላል። ግፊትንም ስለሚቀንስ ከሚወስዱት የግፊት ክኒን ጋር ተደርቦ ሲነሡ ሊያዞራቸው ይችላል። የደም መርጋትንም ሊያዘገይ ስለሚችል ሌላ ቀዶ ሕክምና ከታሰበ ለሐኪሙ መነገር አለበት።

ወንድምዎ «ሐኪሞች ተክል ስለሆነ ብቻ ይንቁታል» ሊሉዎት ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜ የምሰማው አባባል ነው። እናትዎ ግን ዛሬም በተክል መድኃኒት ነው የሚታከሙት። ፓክሊታክሰል የተገኘው በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ከሚበቅል ዛፍ ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ እ.ኤ.አ. በ1962 ተሰብስቦ፣ የንጥረ ነገሩ ኬሚካላዊ አወቃቀር በ1971 ታትሞ፣ መድኃኒት ሆኖ የተፈቀደው በ1992 ነው፤ ሠላሳ ዓመት ማለት ነው። ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የራሳችን አገር ተክል ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ የአጣጥ ወገን ከሆነ ተክል ሜይታንሲን የተባለ ንጥረ ነገር ተገኘ፤ ግኝቱም እ.ኤ.አ. በ1972 ታተመ። የካንሰር ሕዋስን በላቦራቶሪ ሲገድል ከታይሞኪኖን እጅግ የላቀ ኃይል ነበረው፤ በሰው ላይ ሲሞከር ግን መርዛማነቱ ከጥቅሙ በልጦ ተተወ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች የዚሁን ንጥረ ነገር ዝርያ የካንሰር ሕዋስን ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አቆራኝተው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ኸር-2 ለተባለው የጡት ካንሰር ዓይነት መድኃኒት አድርገው አስፈቀዱት። ሁለቱም በተክልነታቸው አልተናቁም፤ መጠናቸው እስኪለካና የሚጎዱት እስኪታወቅ ግን ለሕሙማን አልታደሉም። ጥቁር አዝሙድም ገና በዚያ ጎዳና ላይ ነው።

እንግዲህ ለእናትዎ የምመክረው ይህ ነው። በበርበሬው፣ በዳቦውና በወጡ ውስጥ እንደ ወትሮው የሚገባውን ጥቁር አዝሙድ አትከልክሏቸው፤ በቅመም መጠን ሲሆን የሚያስፈራ ነገር የለውም። ዘይቱን ግን ኬሞው እስኪያልቅ፣ ታሞክሲፈንም ሲጀምሩ ባይወስዱት ይሻላል። ጀምረው ከሆነ ደግሞ መደበቅ አያስፈልግም፤ ጠርሙሱን በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘው ለካንሰር ሐኪማቸው ያሳዩ፤ ምን ያህል እንደወሰዱና ለስንት ጊዜ እንደወሰዱ ይንገሩ። ታካሚዎች ሐኪም ይቆጣናል ብለው ይህን ሲደብቁን፣ የጉበት ምርመራቸው ከፍ ብሎ ስናገኝ ከኬሞው ይሁን ከሌላ ለመለየት እንቸገራለን።

ድካማቸውን በተመለከተ፣ ሕክምናውን ለመተው እስኪያስቡ ካደረሳቸው እንደ ቀላል ነገር ሊታለፍ አይገባም። የደም ማነሳቸው፣ ስኳራቸውና የእንቅልፋቸው ሁኔታ ይታይ። እግራቸውና እጃቸው የሚደነዝዝ ወይም የሚያቃጥል ከሆነ ይህ የፓክሊታክሰል የታወቀ ጠባይ ስለሆነ መጠኑን ማስተካከል ይቻላል፤ ሳይናገሩ ከተሸከሙት ግን ሊቆይባቸው ይችላል። በኬሞ ለሚመጣ ድካም በጥናት ከተረጋገጡት መፍትሔዎች አንዱ፣ የሚገርም ቢመስልም፣ እንቅስቃሴ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ በሐይቁ ዳር ከእርስዎ ጋር ቀስ ብለው ቢራመዱ፣ መጀመሪያ ላይ አሥር ደቂቃም ቢሆን፣ ከዘይቱ የተሻለ ይጠቅማቸዋል። ምግባቸው የበሰለ ይሁን፤ ክትፎና ጥሬ ሥጋ፣ አሞራ ገደል ሄደን የምንወደው ጥሬ ዓሣም ለጊዜው ይቅርባቸው። ቤት ውስጥ የሙቀት መለኪያ ይኑር፤ ትኩሳታቸው 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ካንቀጠቀጣቸው፣ ሌሊትም ቢሆን ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማየት ሳያስፈልግ፣ የኬሞ ካርዳቸውን ይዘው በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።